በቴሌግራም የማውቀው ሰውና ካፌ ያገኘሁት ሰው

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው ደሴ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከአንድ የወልድያ ልጅ ጋር በቴሌግራም ከተዋወቅን 11 ወር ሞላን። ሲጽፍ ለዛ አለው፤ ያስቃል፣ ያጽናናል። እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ እየላከ ያበረታኝ እሱ ነው። በአካል የተገናኘነው ግን በስምንተኛው ወር ነው፤ እስካሁንም ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፒያሳ ካፌ ውስጥ። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ዓይኔን አያይም፤ አንድ ቃል ይመልስና ዝም ይላል፤ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ቡና ዘገየ ብሎ አስተናጋጇን ተቆጣት። ማታ ወልድያ ሲደርስ ግን ‹ዛሬ እንዴት ደስ እንዳለኝ› ብሎ ያን ውብ ጽሑፉን ጻፈልኝ። አነበብኩና አለቀስኩ። አሁን ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ልላክ እያለኝ ነው። እናቴ ‹የማን ልጅ ነው?› ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። የትኛው ነው እውነተኛው? የሚጽፈው ወይስ ፊቴ የተቀመጠው? ስሜ ይቆይልኝ፣ ከደሴ።»

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ አብሽሪ። ያየሽውን በትክክል አይተሻል። ሁለት ሰው ያየሽ የመሰለሽ በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ደግሞ ልታደርጊ የምትችይው ነገር አለ።

ሁለቱም እሱ ነው። የሚጽፈው ሰው የሚያሳይሽ ጊዜ አግኝቶ፣ ቃል መርጦ፣ ያልጣመውን አጥፍቶ ሲናገር ምን ማለት እንደሚችል ነው። ካፌ የተቀመጠው ሰው የሚያሳይሽ ጊዜ ሳይሰጠው ከውስጡ የሚወጣውን ነው። ትዳር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምታገኚው ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ውሃ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ የለም። ስለዚህ የሚጽፈውን ሰው ውሸታም አትበይው፤ ውሳኔሽን ግን በሱ ላይ ብቻ አትጣይው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንንገርሽ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።) ጆሴፍ ዋልተር የተባለ አሜሪካዊ የኮሙኒኬሽን ተመራማሪ በ1996 ሰዎች በጽሑፍ ሲገናኙ በአካል ከሚገናኙት የበለጠ የሚቀራረቡበት ጊዜ ለምን እንዳለ በአራት ነገር አስረዳ። የሚጽፈው ሰው የሚታየውን ነገር ራሱ ይመርጣል። የሚያነበው ሰው ያልተነገረውን ከራሱ ይሞላል፤ ተስፋ ካለው ደግሞ በበጎ ይሞላል። መገናኛው መልስ እስኪታሰብበት ድረስ ይጠብቃል። በመጨረሻም መመላለሱ ራሱ ያጠነክረዋል፤ «አንተ እኮ አዛኝ ነህ» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጽሑፍ ይበልጥ አዛኝ ሆኖ ይመጣል።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያይና «አስመስሎብኝ ነበር» ይላል። ያንቺን ነገር ያከበደው ግን ሁለተኛው ነው። እናትሽ በታመመችበት ሌሊት «አይዞሽ» ያለሽን ድምፅ ስትሰሚ ፊቱን አላየሽም። ተጋድሞ ይሁን ቆሞ፣ ኳስ እያየ ይሁን አንቺን ብቻ እያሰበ አታውቂም። ልብሽ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገውን ፊት ሠርቶ ሰጠው። በ11 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ስንት እንደተጠራቀመ አስቢው። ካፌ ስትገቢ የጠበቅሽው ያንን ፊት ነበር። ካለቀስሽው ለቅሶ ከፊሉ አንቺ ራስሽ የሠራሽውን ሰው ማጣትሽ ነው። ይህን ስንል ልንወቅስሽ አይደለም፤ የሚወደውን ሰው ጽሑፍ ማንም የሚያነበው እንዲሁ ነው። የቆይታው ርዝመትም አልጠቀማችሁም። አርቴሚዮ ራሚሬዝና ባልደረቦቹ በ2015 ባወጡት ጥናት፣ በኢንተርኔት ተዋውቀው በአካል ለመተያየት ብዙ የዘገዩ ሰዎች ቶሎ ከተያዩት ይልቅ በመጀመሪያው መገናኘት ቅር እንደሚላቸው አግኝተዋል። ስምንት ወር ብዙ ነው።

ዋሽቶኝ ይሆን ወይ የሚለውን ጥርጣሬ በተመለከተ ግን የሚያረጋጋ ነገር አለ። በ2008 ካታሊና ቶማ፣ ጄፍሪ ሃንኮክና ኒኮል ኤሊሰን ኒውዮርክ ውስጥ የ80 የፍቅር ድረ ገጽ ተጠቃሚዎችን ቁመት በሜትር፣ ክብደት በሚዛን ለክተው፣ ዕድሜያቸውንም ከመታወቂያ አይተው ገጻቸው ላይ ከጻፉት ጋር አስተያዩ። 81 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ከእውነቱ ወጣ ብሏል፤ ልዩነቱ ግን በአብዛኛው ትንሽ ነበር፣ ፊት ለፊት ቢተያዩ ዓይን የማይለየው። በ2010 ደግሞ ሚትያ ባክና ባልደረቦቹ የ236 አሜሪካዊና ጀርመናዊ ወጣቶችን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ መርምረው፣ ገጹ የሚያሳየው በአብዛኛው ሰውየው ልሁን ብሎ የሚመኘውን ሳይሆን በእርግጥ የሆነውን ባሕርይ መሆኑን አግኝተዋል። ተጫዋችነት ከስክሪን ላይ በደንብ ይነበባል። ከስክሪን ላይ ለማንበብ ያስቸገረው የሰው ጭንቀት ነው። ይህችን ነጥብ ያዢያት፤ ካፌ ውስጥ ያየሽው ከፊሉ ቴሌግራም ሊያሳይሽ የማይችለው ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ካፌው ውስጥ ያየሻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው፤ ክብደታቸው እኩል አይደለምና።

ዓይንሽን አለማየቱንና ዝምታውን ገና አትፍረጂበት። ጨዋ ቤት ያደገ የወሎ ልጅ ሴት ፊት ዓይኑን መስበሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሃይማኖቱ ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ አስቦበትም ሊሆን ይችላል። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ፊት ሰው በሞላበት ፒያሳ ካፌ መቀመጥ ራሱ ምላስ ያስራል። ዓይነ አፋርነት ምልክቱ በሰዓትና በድግግሞሽ መቀነሱ ነው፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው ቀን አራተኛው ይሻላል። ስልኩም እጅ የሚያርፍበት ያጣ ሰው መደበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ብትጠይቂው የሚተወው ነገር ከሆነ ቀላል ነው።

የአስተናጋጇ ነገር ግን ይለያል። ዓይነ አፋርነት አንገት ያስደፋል እንጂ ደመወዟን ፈርታ የማትመልስ ልጅ ላይ አያስጮህም። አንድ ጊዜ ሆኗልና በዚያ ብቻ አትፍረጂ፤ ተጨንቆ የነበረ ሰው አንዳንዴ በቀረበው ላይ ይፈነዳል። ከሦስቱ ግን መከታተል ያለብሽ ይህንን ነው፤ ባለቤትሽ ሲሆን፣ አንቺም በቤቱ ስትሆኚ፣ አንድ ነገር የዘገየ ቀን ድምፁ የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው።

አንድ ያላነሳሽው ነገርም አለ። አንቺስ ካፌ ውስጥ እንዴት ነበርሽ? ማታ ማታ የልብሽን የምትጽፊው፣ የምትቀልጂው ልጅ፣ እሱ ፊት ስትቀመጪ ስንት ቃል ተናገርሽ? ምናልባት እሱም ወልድያ ገብቶ «የማውቃት ልጅ የት ሄደች?» ብሎ ይሆናል። ሁለት የተጨነቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዝምታ «አልወደደኝም» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ማታ የመጣልሽ ጽሑፍ ነው። ልብ በይ፤ ቀን ተበላሸ፣ ማታ በቴሌግራም ተጠገነ። ሁለቱንም ጊዜ እንዲህ ሆነ። ይህ ሲለመድ ሁለታችሁም በአካል የተበላሸውን በአካል ማስተካከል ሳትማሩ ትጋባላችሁ፤ ከዚያ አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ አኩርፋችሁ፣ እሱ ከሳሎን ሆኖ መልካም ቃል እየጻፈ አንቺ መኝታ ቤት ሆነሽ ታነቢያለሽ። ከተጣሉ በኋላ በጽሑፍ መታረቅ የሚቀላቸው ባልና ሚስቶች አሉ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከመናገር መጻፍ የሚቀናው ሰው ቢሆንም ነውር የለበትም። ችግሩ ጽሑፉ ብቻውን ሲቀር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ሽማግሌውን ማዘግየት ነው። ሽማግሌ አባትሽ ቤት ከገባ በኋላ ነገሩ የሁለት ቤተሰብ ይሆናል፤ «እስቲ ቆይ ልየው» ማለት ያኔ ዘመድ ያስቀይማል። ሦስት ወር ጠይቂ። በጽሑፍ ሳይሆን ደውለሽ፣ እንዲህ በይው፦ «ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት በአካል በደንብ እንተዋወቅ። ሦስት ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ እንገናኝ፤ ከዚያ አባቴ ቤት ላክ።» ሲመልስልሽ አትቸኩይ፣ አዳምጪ። ቢከፋውም ምክንያቱን ጠይቆ የሚቀበል ከሆነ መልካም ነው። «የምትወጂኝ ከሆነማ ለምን?» እያለ የሚያጣድፍሽ ከሆነ ይህንንም ደብተር ላይ ጻፊው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ቀንሱ። በሳምንት ሦስት ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስልክ አውሩ፤ ጽሑፍ ለቀጠሮና ለሰላምታ ይሁን። የሚልክልሽ ድምፅ እንደ ስልክ አይቆጠርም፤ ድምፅ አምስቴ ቀድቶ የጣመውን መላክ ይቻላል፣ ስልክ ላይ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። መጀመሪያ ላይ ዝምታ ይበዛዋል፤ ያኔ ዘግታችሁ ወደ ቴሌግራም እንዳትሸሹ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ስልክ ጭር ሲልባቸው «በጽሑፍ ይሻለናል» ብለው ይመለሳሉ። ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ካፌውን ተዉት። ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተፋጦ 40 ደቂቃ መቀመጥ ለዓይነ አፋር ሰው ፈተና ነው፤ ጭንቀቱ ሳይበርድ ሒሳብ ይመጣል። አብሮ መሄድና አብሮ መሥራት ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች መተያየት ስለማይገደዱ ምላሳቸው ይፈታል። እያንዳንዱ ቀን ከሦስት ሰዓት አይነስ። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁልጊዜ እሱ ደሴ እየመጣ መሆኑም ልክ አይደለም፣ የደከመ ሰው ነው የምታዪው። አንድ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ተገናኙ፣ ላንቺ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕሩ ዳር እየተራመዳችሁ አውሩ፣ ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሳችሁ ብሉ። አንድ ጊዜ መርሳ ተገናኙ፣ ለሱ ይቀርበዋል። አንድ ቀን ደሴ ሰኞ ገበያ ለእናትሽ የሚገዛ ነገር ይዛችሁ ዙሩ፤ ሲከራከር፣ ሲጋፉት፣ የጠየቀውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ታያለሽ። ሠርገኛ ጤፍ ስትመርጡ የሚታየው ጠባይ በሺህ ጽሑፍ አይገኝም። ቢያንስ ሁለቱን ቀን እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ እሱም ወንድሙን ወይም ጓደኛውን ይዞ ይምጣ። ለስምሽም ይበጃል፤ ከዚህም በላይ ከሌላ ሰው ጋር እንዴት እንደሆነ ያሳይሻል። ከሁሉም ጋር ዝምተኛ ከሆነ ተፈጥሮው ነው፤ እችለዋለሁ አልችለውም ማለት ያንቺ ነው። ከጓደኛው ጋር ስቆ ካንቺ ጋር በአራተኛውም ቀን ድንጋይ ከሆነ ግን ዓይነ አፋርነት ነው ብለሽ አትለፊው።

ስልክን በተመለከተ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሁለታችሁም ኪስና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ዓይን እዚያው ይውላል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ረጋ ብላችሁ ሳለ፣ የአስተናጋጇን ነገር አንሺ። «የዚያን ቀን ልጅቷን ስትቆጣት ደነገጥኩ። ምን ሆነህ ነበር?» በይው፤ ሌላ አትጨምሪ። «ተጨንቄ ነበር፣ አጠፋሁ» ካለና በሚቀጥለው ቦታ አስተናጋጁን በደህና ካናገረ ነገሩ ተዘግቷል። «ሥራዋ አይደል እንዴ!» ካለ ይከብዳል። «እኔ? መቼ ተቆጣሁ?» ካለ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ በዓይንሽ ያየሽውን ነው የሚነጥቅሽ። በሌላ ቀን ደግሞ ከቴሌግራም አንድ የከበደ ወሬ ወደ አካል አምጪ፤ የእናትሽን ሕመም አንሺ። ያን ሌሊት የጻፈውን ሁሉ እንዲደግም አትጠብቂ። ሲሦውን ፊትሽ ሊለው ከቻለ፣ ቃል ቢያጣ እንኳ እንዴት ሆኑ ብሎ ከጠየቀና መልስሽን ከሰማ፣ የሚጽፈው ሰው ውስጡ አለ ማለት ነው፤ መንገዱ ነው የጠበበው።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታደርጊው የምንለምንሽ ነገር፦ ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ቴሌግራም ሳትከፍቺ በፊት ሦስት መስመር በደብተር ጻፊ። ዛሬ ምን አደረገ? አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ሆነ? እኔ ልናገር ፈልጌ የዋጥኩት ምንድን ነው? ከዚያ በኋላ ጽሑፉን አንብቢ። ትዕዛዙን የምናጠብቀው የማታው ጽሑፍ ቀኑን መልሶ ስለሚቀባው ነው፤ ካነበብሽ በኋላ የምታስታውሽው እሱ የጻፈውን ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን 18 መስመር ይኖርሻል። በሁለተኛው ጥያቄ ሥር ያሉትን ስድስቱን ብቻ ለይተሽ አንብቢ፤ እየተሻሻለ ነው ወይስ ያው ነው? ሦስተኛው ሥር ያሉት ከቀን ቀን እያነሱ ካልመጡ ደግሞ ምንም ያህል ደግ ቢሆን እሱ ፊት ራስሽን አልሆንሽም ማለት ነው።

የእናትሽን ጥያቄ አትናቂው። «የማን ልጅ ነው?» ማለት በወሎ ከቴሌግራም በፊት የነበረ የማጣሪያ መንገድ ነው፤ ዛሬም ይሠራል፣ አጠያየቁን ካወቁበት። «ጥሩ ልጅ ነው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም «አላህ ይጨምርበት» ይላል፤ ትዳር አፈረሰ መባልን ማን ይፈልጋል? የሚጠየቀው የተደረገ ነገር ነው፦ የተከራየበትን ቤት ሲለቅ የመጨረሻውን ወር ከፍሎ ነው? የተበደረውን በስንት ጊዜ መለሰ? ሥራ ቦታ ከሰው ሲጋጭ ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው? የሚጠየቀውም የቅርብ ጓደኛው አይደለም፤ አከራዩ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ነው። ወልድያ ዘመድ ካላችሁ አጎትሽ በአንድ ሳምንት ይህን ያገኛል። የጎረቤት ምስክርነት ግን ስሙን እንጂ ካንቺ ጋር እንዴት እንደሚሆን አይነግርሽም፤ ለዚያ ደብተርሽ አለ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ ጅዳ ወይም ቤሩት ካለ ሰው ጋር በኢሞና በቲክቶክ ተዋውቃችሁ ጨርሶ ያልተያያችሁ ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ሰውየው ያለ ሰው መሆኑን አረጋግጡ። ያልታቀደ የቪዲዮ ጥሪ፣ ያለ ፊልተር፣ በቀን ብርሃን፣ በተለያየ ቀን ይሁን፤ ሁልጊዜ ካሜራው የሚበላሽበት ሰው ጋር አትቆዩ። ፎቶውን በጎግል ሌንስ ፈልጉት፣ የሌላ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ተያይታችሁ ቤተሰብ ሳይተዋወቅ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ የፓስፖርት ፎቶ አትላኩ፤ ገላን የሚያሳይ ፎቶ ለማንም ቢሆን አትላኩ። ማስፈራራት ከተጀመረ አትክፈሉ፤ አንዴ የተከፈለው በድጋሚ ይጠይቃል። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ወሬውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስምና ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱና ለፖሊስ አመልክቱ። በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በእንዲህ ያለ መንገድ ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎታል።

ወዳንቺ እንመለስ። ለእናትሽ ዛሬ የምትነግሪያት አታጪም፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ ሥራውን ንገሪያት፣ «ገና እያየሁት ነው እማዬ፣ ሦስት ወር ስጪኝ» በያት። ከነዚህ ከአራቱ የማታውቂው ካለ ዛሬ ማታ ደውለሽ ጠይቂው። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሐይቅ አድርጊው፤ ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከእህትሽ ጋር ከመናኸሪያ ተነሱ። እሱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚመጣ ሊዘገይ ይችላል። ቢዘገይ አትደውይለት፤ ራሱ ደውሎ ይነግርሽ እንደሆነ ጠብቂ፣ ማታ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።